ልጄ ላይ ሙድ እየያዙባት ውጤቷ ወረደ፤ ትምህርት ቤት ልቀይርላት ወይስ ከአንዷ ጓደኛዋ ጋር ትቆይ?

የሰሚቷ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ወላጅም መምህርም እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፤ የግል ትምህርት ቤት። እስከ አምና ከአምስተኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። ዘንድሮ የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ 27ኛ ወጣች። ነገሩን ስናጣራ ለካ ሦስት ልጆች ሙድ ይዘውባታል። ጥርሷ ላይ ብረት ከታሰረላት ወዲህ ስም አወጡላት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አፏን ከፍታ የሳቀችበትን ፎቶ ቆርጠው ስቲከር ሠርተዋል፤ ማታ ማታ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፉታል። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ ከኋላ ሆነው ብረት የሚፋጭ ድምፅ ያሰማሉ። እሷ እቴ፣ ለእኛ ትንፍሽ አላለችም። የነገረችኝ የጓደኛዋ እናት ናት።

ጓደኛ ያልኳችሁ አንዲት ልጅ ናት፤ ሌላ የላትም። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም። ሰርቪስ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ዘንድሮ ግን ሴክሽን ተለያዩ። የእኔዋ ሲ ገባች፣ ጓደኛዋ ኤ።

አባቷ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ሌላ ትምህርት ቤት ትግባ ይላል። ልጅቷ ደግሞ «ከእሷ ከለያችሁኝ አልማርም» ብላ አልቅሳ ተኛች። ከርሞ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። የአንዲት ጓደኛ ነገር ከትምህርት ጋር ይህን ያህል ግንኙነት አለው? ወይስ የልጅ ነገር ነው ብዬ ልለፈው?

የድሮ ተማሪ፦

እኛ ጆሮ ትልቁ፣ ቆልማማው፣ ምንትሴ እየተባልን 12ኛ ጨርሰናል። ስም ያልወጣለት ማን አለ? ልጅ አታሞላቅቁ። ጠንከር ትበል። ሁለት ቀን መልስ ስትሰጣቸው ይተዋታል።

ባቢ ከፒያሳ፦

ጋሼ፣ የእርስዎ ስም ትምህርት ቤት በር ላይ ይቀር ነበር። የእሷ እራት እየበላች ስልኳ ውስጥ ይገባል። ምን አገናኘው?

ቾክ በእጄ፦

እህቴ፣ 7ኛና 8ኛ ሒሳብ አስተምራለሁ። ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካርዱን ተይውና የማርክ ዝርዝሩን ጠይቂ። የወረደው ፋይናሉ ነው ወይስ ተከታታይ ምዘናው? የክፍል ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ፕሬዘንቴሽን፣ ደብተር የሚታረምበት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ስንት እንደሆነ እይው። ካርድ ላይ ተደምሮ ስለሚመጣ ምኑ ጋ እንደተጎዳች አይታይም።

የሰሚቷ እናት፦

መምህር፣ ዛሬ ሄጄ አስወጣሁ። ጉድ ነው ያየሁት። የሒሳብ ፋይናል ከ40 34 አላት። ሳይንስም እንደዚያው ጥሩ ነው። የቡድን ሥራ ግን ከ10 2። ፕሬዘንቴሽን ዜሮ፣ ጎኑ ላይ «አላቀረበችም» ተብሎ ተጽፏል። የእንግሊዝኛ የቃል ንባብ ከ10 3። ቤት መጥቼ የሒሳብ ደብተሯን ገለጥኩት። የክፍል ሥራው ተሠርቷል፣ መልሱም ልክ ነው፣ ግን ከኅዳር ወዲህ የመምህር ፊርማ የለበትም። ሠርታ ጨርሳ አላሳረመችም። ለምን ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወደ መምህሩ ለመሄድ በእነሱ ወንበር በኩል ነው የሚታለፈው።»

ቾክ በእጄ፦

ጠርጥሬ ነበር። ልጅሽ ትምህርቱ አልከበዳትም፤ 34 ያመጣች ልጅ ሒሳብ ታውቃለች። ማርኳ የቀረው ሰው ፊት መቆም፣ መነሳት፣ መናገር በሚጠይቀው ቦታ ሁሉ ነው። ለዚህ አስጠኚ ብትቀጥሪላት ብር ማባከን ነው። ቤት ውስጥ የበለጠ ታውቅና ክፍል ውስጥ ያንኑ ዝም ትላለች።

አሁን ጓደኛ የሚገባበትን ቦታ እይው። ጎኗ የምትቀመጥ ልጅ ብትኖራት ሁለቱንም ደብተር ይዛ ትሄድላታለች፣ ወይም አብረው ይሄዳሉ። በቡድን ሥራ «አንቺ እኛ ጋ ነሽ» የሚላት አንድ ሰው ይበቃታል። እኔ «ቡድን ራሳችሁ መሥርቱ» ስል ሁልጊዜ የሚተርፍ ልጅ ነበር። የተረፈውን አንዱ ቡድን ላይ ስደርበው ስሙን ይጽፉታል እንጂ ሥራ አይሰጡትም። ፖስተሩ ጋ እንኳ አያስጠጉትም። አሁን ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ቀድሜ ጽፌ ነው የምገባው፤ ተገልሎ የማየውን ልጅ ቢያንስ ከአንድ የሚያዋራው ልጅ ጋር አደርገዋለሁ። ያ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ትዝ ይላችኋል? በደረጃ ደልድሎ አንድ ላይ ማስቀመጥ ጓደኛ አያደርግም። ጎበዟ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ በቃ።

የምክር ክፍል፦

ትምህርት ቤት ውስጥ በምክር አገልግሎት ነው የምሠራው። የእናትየዋ ጥያቄ «ይህን ያህል ግንኙነት አለው ወይ?» ነበር። አለው፣ ብዙ የተጠናም ነገር ነው።

ጥቃቱ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ላስቀድም። ጃና ጁቮነን የምትባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ11 መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ከ2,000 በላይ ልጆችን ሦስት ዓመት ተከታትላለች። በፈረንጆቹ 2011 ነው የታተመው። በጣም የሚጠቁት ልጆች በአንድ ትምህርት እስከ አንድ ፊደል ተኩል ያነሰ ውጤት ነበራቸው። ኤ የሚያመጣ ልጅ ቢ እና ሲ መሃል ወረደ እንደማለት ነው። በ2018 በተሰጠው ፒሳ በተባለው የ15 ዓመት ልጆች ዓለም አቀፍ ፈተናም፣ የኑሮ ደረጃ ልዩነቱ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ደጋግመው የሚጠቁት በንባብ 21 ነጥብ ያህል አንሰው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ፈተና ባትካተትም ነገሩ የአንድ አገር ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል።

ጓደኛው ጋ ስንመጣ ደግሞ፣ ሞንትሪያል ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ዊሊያም ቡኮውስኪ የሚባል ምሁር አለ፤ ዕድሜውን በሙሉ የልጆችን ጓደኝነት ሲያጠና የኖረ ነው። በ2011 ከባልደረቦቹ ጋር 103 የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችን ለአራት ቀን ተከታተሉ። ልጆቹ በቀን ውስጥ ደጋግመው «አሁን ምን ገጠመኝ፣ ከማን ጋር ነበርኩ፣ ምን ተሰማኝ» ብለው ይጽፋሉ። ምራቃቸውም ይወሰዳል፤ ኮርቲዞል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለመለካት። መጥፎ ነገር ሲገጥማቸው የቅርብ ጓደኛቸው አጠገባቸው ካልነበረ ኮርቲዞሉ ይወጣል፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትም ይወርዳል። ጓደኛው ከነበረ ግን ለውጡ በጣም ትንሽ ነው። ጓደኛው ምን አደረገ፣ ምን ተናገረ የሚለው አይደለም የተመዘገበው። መኖሩ ነው።

እዚያው ካናዳ በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። የሚጠቁ ልጆች ዓመቱ ሲያልፍ ጭንቀታቸውም ረብሻቸውም ጨምሮ የተገኘው የቅርብ ጓደኛ በሌላቸው ላይ ነው። ጭንቀት የያዘው ልጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ደብተሩ ነግሮሻል።

ኢንጂነሩ፦

ይቅርታ፣ ልጠይቅ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን አይችልም? ጎበዝ ልጅ ጓደኛ አያጣም፤ ሁሉም መልስ ሊጠይቀው ይመጣል። ምናልባት መጀመሪያ ውጤት ይወርድና ጓደኛው የሚሸሸው በኋላ ነው።

የምክር ክፍል፦

ይችላል፤ ሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ለዚህ ነው ያንኑ ልጅ ዓመታት ቆይቶ ድጋሚ የሚያየው ጥናት የሚመረጠው። ካትሪን ዌንዝል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት፤ ሥራዋ በ2004 ወጥቷል። 6ኛ ክፍል ላይ ጓደኛ የሌላቸው ልጆች ውጤታቸው ያነሰ፣ ጭንቀታቸው የበዛ ነበር። ጭንቀቱ ከሁለት ዓመት በኋላም አልለቀቃቸውም። የእኚህ እናት ጉዳይ ላይ ግን የቱ እንደቀደመ ግልጽ ነው፤ አምና እስከ አምስተኛ የነበረች ልጅ ናት።

ባቢ ከፒያሳ፦

እኔ አሁን 19 ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ሁሉም ጓደኛ አያድንም ለማለት ነው የምጽፈው።

7ኛ ክፍል እያለሁ አጭር ስለነበርኩ ቦርሳዬን እየተቀባበሉ ይጫወቱበት ነበር። አንድ ቀን የላቦራቶሪው ጣሪያ ላይ ወረወሩት፣ ከነምሳ ዕቃዬ። ዘበኛው ነው መሰላል አምጥቶ ያወረደልኝ። ከዚያ አንድ 8ኛን የደገመ ልጅ ጋር ገጠምኩ። ሰፈራችን አንድ ነው። ከእሱ ጋር መታየት ከጀመርኩ ማንም አይነካኝም። ተመስገን አልኩ።

ግን ነጻ አልነበረም። እሱ ፎርፌ ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ። ፑል ሲጫወት ቦርሳውን የምይዘው እኔ ነኝ። እጅ ሳወጣ «ምን ትለፋለህ» ብሎ ይስቃል፣ ስለዚህ አላወጣም። አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሲያንገላቱኝ በነበረበት ጊዜ 6ኛ ነበርኩ። ሰላም ካገኘሁ በኋላ 41ኛ ወጣሁ።

የምክር ክፍል፦

ባቢ የጻፈውን በቁጥር ያሳየ ጥናት አለ። ዴቪድ ሽዋርትዝና ባልደረቦቹ በ2008 ያወጡት ነው። የሚጠቁ ልጆች ትምህርታቸው ወደኋላ የቀረው ረጋ ያሉ ጓደኞች ሲያንሷቸው፣ ወይም ጉልበተኛ ጓደኞች ሲበዙባቸው ነው። ስለዚህ «ጓደኛ አላት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። የሰሚቷ እናት፣ የልጅሽ ጓደኛ እንዴት ዓይነት ናት?

የሰሚቷ እናት፦

ዝምተኛ ናት። እንደውም ከእኔዋም ትብሳለች። ቅዳሜ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የቤት ሥራቸውን ሠርተው ነው ፊልም የሚያዩት። ሳላዛቸው።

ቾክ በእጄ፦

እህቴ፣ እንደዚያ ዓይነቷን ልጅ ወርቅ ከፍለሽም አታገኚያት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ ሜሪላንድ ነው ያለነው፣ የእኛን ልንገርሽ። በዲቪ ስንመጣ ልጄ 12 ዓመቱ ነበር። ሚድል ስኩል አስገባነው። እዚህ መምህሩ አይደለም ክፍል የሚቀያይረው፣ ተማሪው ነው። በየፔሬዱ ኮሪደር ላይ ይተራመሳሉ፣ ግፊያውም ስድቡም እዚያ ነው፣ ማንም አያይም። ምሳ ደግሞ ካፍቴሪያ ነው። የራስህ ጠረጴዛ ከሌለህ ሳህን ይዘህ ቆመህ ትቀራለህ። ምስር በእንጀራ ነበር የምቋጥርለት። ሸተተን እያሉ አፍንጫቸውን ሲይዙበት ሽንት ቤት ገብቶ ቆሞ ይበላ ጀመር። ይህን የሰማሁት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ከምሳ በኋላ ባሉት ሁለት ፔሬዶች ሁሉ ኤፍ ነበር። ከምሳ በፊት ባሉት ቢ። ሪፖርት ካርዱን አፍጥጬ ያየሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም።

እንግሊዝኛ ለማያውቁ ልጆች በሚሰጠው ክፍል አንድ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነበር። የእኔው ስፓኒሽ አያውቅ፣ እሱ አማርኛ አያውቅ፤ በሁለቱም ስብርባሪ እንግሊዝኛ ሒሳብ ይሠራሉ። ካውንስለሯን ለምኜ ሁለቱ ምሳ የሚበሉበትን ሰዓት አንድ አደረገችው። የተቀየረው ይኸው ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ያው፣ ተሳዳቢዎቹም ያው። ግን ቁጭ ብሎ በላ። የከሰዓቱ ትምህርት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲ ሆነ፣ ከዚያ ቢ። የእኔ ምክር፦ ልጅቷን ከመንቀልሽ በፊት የት ሰዓት ላይ ብቻዋን እንደሆነች ለይተሽ እወቂ።

ማርታ ዘ ጎፋ፦

የሰፈር ጓደኛስ ይቆጠራል? የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት ማንም የላትም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ግን ጓደኞቿ ብዙ ናቸው። እዚያ መዝሙር ታስጀምራለች። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት ይከብዳታል አሉኝ።

የምክር ክፍል፦

ይቆጠራል። በሌላ ቦታ የምትወደድ ልጅ «ችግሩ እኔ ነኝ» ብላ አትደመድምም፤ ትልቅ ነገር ነው። ማርክ ላይ ግን ውጤቱ ሩቅ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቷ ጓደኛ ፕሬዘንቴሽን ላይ ጎኗ አትቆምም፣ የቀረችበትን ቀን ኖት አትሰጣትም። ከክፍሏ ልጆች አንዷ ብቻ እንኳ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋ እንደምትመጣ አጣሪ። ብዙ ጊዜ ትኖራለች።

የድሮ ተማሪ፦

ጓደኛማ እኛም ነበረን። ብቻችንን ነበርን አልወጣኝም። ጆሮ ትልቁ ሲሉኝ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ «ተዉት እንጂ» ይል ነበር፣ ይተዉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ለቅሶም ሠርግም አንለያይም። ቢሆንም ጠንከር ትበል ነው የምለው።

ባቢ ከፒያሳ፦

ጋሼ፣ እኛስ ምን አልን? 😀

የምክር ክፍል፦

የጋሼ ጓደኛ «ተዉት» ማለቱ ቀላል አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ግቢ በካሜራ ቀርጸው ነበር፣ በ2001 ነው የታተመው። ሌላ ልጅ ጣልቃ በገባባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ በሆኑት ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ችግሩ ጣልቃ የሚገባው ጥቂት መሆኑ ነው። አብዛኛው ቆሞ ያያል። ፊንላንድ ኪቫ የተባለውን የጥቃት መከላከያ ፕሮግራሟን በ2009 በአገር ደረጃ ስትጀምር ዋናው ትኩረቷ እነዚያ ቆመው የሚያዩት ልጆች ላይ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ፦

የአዲስ አበባውንም የአሜሪካውንም አነበብኩ። የእኛን ደግሞ ልጨምር። 9ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ውስጥ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ናቸው። አርብ ወደ አገራቸው በእግር ይሄዳሉ፣ እሁድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። የከተማው ልጅ በአነጋገራቸው ይስቃል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊወጣ ሲል እግሩን እያዩ ያፏጩበታል። አንዱን ልጅ ሰሌዳ ላይ ጠርቼው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መጣ። እንዲያ ነው የሚሻለው ብሎ ነው።

እኔ ያስተዋልኩት ይህ ነው። ከአንድ ጎጥ መጥተው ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩት ይዘልቃሉ። አንዱ ሽሮ ያማስላል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ይተኛል። ተሰደቡ፣ ተሰደቡና ማታ ራሳቸው ተሳዳቢዎቹን እየቀዱ ይስቁባቸዋል። ብቻውን ዘመድ ቤት የተጠጋው ልጅ ግን፣ ጎበዝ ሆኖ የመጣውም ጭምር፣ ጥር ላይ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ቤተሰቡ «ትምህርት አልሆነው አለ» ይላሉ። የ8ኛ ውጤቱን አይቼዋለሁ፤ ከእነዚያ ከሦስቱ ይበልጥ ነበር።

የምክር ክፍል፦

መምህር፣ ይህን ያስነበቡን ጥሩ አድርገዋል። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ በአራት አገር ልጆችን ሲከታተል የቆየ ነው፤ ከኢትዮጵያ 3,000 ልጆች አሉበት፣ የገጠሩም የከተማውም። ትልልቆቹን 15 ዓመታቸው ላይ ጥቃት ደርሶባችኋል ወይ ብለው ጠይቀዋቸው 19 ሲሆናቸው ተመልሰው አይተዋቸዋል። ድብደባ ብቻ አይደለም የተጠየቀው፤ መገለልና መዋረድም አለበት። ብዙ ወላጅ ግን እስኪደማ ድረስ ጥቃት አይለውም።

ሌላዋ እናት፦

ሁላችሁም ስለተጠቂዋ ነው የምትጽፉት። የእኔ ልጅ ለአንዲት ሌላ ተጠቂ ልጅ ያቺ አንድ ጓደኛ ናት። አይፈረድባትም፣ ትወዳታለች። ግን ማታ ስልክ ይደወላል፣ ስለነዚያ ልጆች ብቻ ይወራል፣ ሁለቱም አልቅሰው ይዘጉታል። በማግስቱ እንደገና። የቤት ሥራ የት አባቱ። አንድ ጠዋት «እማዬ ዛሬ ልቅር» አለችኝ። አሞሽ ነው ስላት «አይ፣ እሷ ዛሬ ትቀራለች፣ ብቻዬን ከሄድኩ ወደ እኔ ይዞራሉ» አለች። ውጤቷ ወርዷል የእሷም። ለሰው ልጅ ደግ ሁኚ ብዬ አሳድጌ አሁን ራቂያት ልበላት?

የምክር ክፍል፦

እህቴ፣ ራቂያት አትበያት። ያወራሽው ነገር በጥናት የታወቀ ነው። አማንዳ ሮዝ የምትባል የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2002 ጽፋበታለች። ሁለት ልጆች አንዱን ችግር እያመላለሱ ሲያወሩት ጓደኝነታቸው ይጠነክራል፣ ጭንቀታቸውም አብሮ ይጨምራል። ሴቶቹ ላይ ይበዛል። ስልኩን አትከልክያቸው፤ ቅደም ተከተሉን አስቀይሪያቸው። መጀመሪያ የቤት ሥራውን በስልክ አብረው ይሥሩ፣ ከዚያ ያውሩ። ወሬው አጭር ይሆናል፣ ታያለሽ። ሁለተኛ፣ ሸክሙ የሁለት ልጆች ብቻ እንዳይሆን ሦስተኛ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ቅዳሜ ሦስቱንም ጥሪያቸው፣ ፈንዲሻ አፈንድተሽ ዝም በያቸው። ሦስተኛ፣ ይህ የልጅሽ ሥራ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነው። ሆም ሩም መምህሩ ማወቅ አለበት።

ኢንጂነሩ፦

እዚህ ላይ ነው እኔም የምስማማው። ጓደኛዋን ዘበኛ አድርጎ ትምህርት ቤቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት ነው? ወር በወር የምንከፍለው ለምኑ ነው?

የሰሚቷ እናት፦

ተባረኩ ሁላችሁም። «ሌላዋ እናት»፣ የአንቺ ጽሑፍ ልቤን ነካው። ለጓደኛዋ እናት ደወልኩላት፣ የእሷም ልጅ ዘንድሮ ትንሽ ወርዳለች። ልትነግረኝ አፍራ ነው።

ትናንት ከአባቷ ጋር ሆነን ዩኒት ሊደሩን አነጋገርነው። የማርክ ዝርዝሩን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩለት፤ ፋይናሉን በአንድ ጎን፣ ተከታታይ ምዘናውን በሌላ ጎን። መጀመሪያ «ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ደብተሩን ሲያይ ዝም አለ። በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ሴክሽን መቀየር ይቻላል ብሏል። ጥያቄው፣ ጓደኛዋ ወደ ሲ ትምጣ ወይስ የእኔዋ ወደ ኤ ትሂድ? እሱ ሲ ውስጥ ተማሪ ስለሚያንስ ጓደኛዋ ብትመጣ ይቀለኛል ይላል። አባቷ ትምህርት ቤት መቀየሩን እስከ ሰኔ ካርድ ድረስ አቆይቶታል።

ቾክ በእጄ፦

የአንቺዋ ወደ ኤ ትሂድ። በዚህ አትደራደሪ። ጓደኛዋ ወደ ሲ ከመጣች ለሦስቱ ልጆች ሁለተኛ ሰው አቀረባችሁላቸው ማለት ነው። የጓደኛዋ እናት ደግሞ እሺ የምትለው ይሉኝታ ይዟት ሊሆን ይችላል።

ኤ ስትገባ ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው፣ ግን ጥግ ላይ አይሁን። ጥግ ከሆኑ ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ፣ ሦስተኛ ልጅ አይመጣም። የእኛ ወንበር ለሦስት ነው፣ የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ሦስተኛዋን መምህሩ መርጦ ያስቀምጥ። የመጀመሪያውን ፕሬዘንቴሽን ለብቻዋ እንዳይሰጧት ንገሪያቸው፤ ሁለት ሆነው ያቅርቡ። በሚቀጥለው ብቻዋን ትሞክረዋለች። ደብተሯን ደግሞ መምህሩ እየዞረ ወንበሯ ድረስ መጥቶ ይረምላት፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት። ምንም ወጪ የለውም፣ እግር ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ የረሳችሁት ነገር አለ። ሴክሽን ብትቀይር ስቲከሩ አብሯት ይሄዳል። የቴሌግራም ግሩፑ አድሚን ማን ነው?

የሰሚቷ እናት፦

አሁን ጠየቅኳት። ከሦስቱ አንዱ ነው። መምህራንም ግሩፑ ውስጥ አሉ አለችኝ፤ የቤት ሥራ የሚለጠፈው እዚያ ነው።

ቾክ በእጄ፦

እንግዲያው ከሴክሽኑ በፊት ይሄ ይቅደም። ከግሩፑ እንዳትወጣ፣ ምንም እንዳታጠፋ። ስቲከሩን፣ ማን መቼ እንደላከው እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ሰኞ ጠዋት ለዩኒት ሊደሩ አሳዪው። የቤት ሥራ የሚለጠፍበት ግሩፕ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ግሩፕ ነው፣ «ከግቢ ውጭ የሆነ ነገር ነው» ሊልሽ አይችልም። አድሚንነቱ ወደ መምህር ይዙር፣ ስቲከር መላክ ይዘጋ፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እምቢ ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናረቅቃለን።